ከቅርጫት እስከ ተጎታች ቤት፦ የዶሮ ማደሪያ ታሪክ በከተማ ዳር

ስለ ዶሮ እርባታ በሚነገርበት ጊዜ ዘወትር ቀድሞ የሚነሳው የዝርያው ጉዳይ ነው። ቀጥሎ መኖው፣ ከዚያም ክትባቱ ይጠቀሳል። ዶሮዋ የምታድርበት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ የሚታሰብ ነገር ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ያለፉት 70 ዓመታት የኢትዮጵያ የዶሮ እርባታ ታሪክ በጥሞና ሲታይ፣ በትንሽ ይዞታ ላይ የሚኖር አርሶ አደር ከዶሮ ያገኘውም ያጣውም ጥቅም በአመዛኙ ከማደሪያው ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል።

በተለይም ቦታውን እየቀያየረ የሚያገለግል የዶሮ ቤት የራሱ ታሪክ አለው። ጥንት በየቤቱ በቅርጫት መልክ የነበረ፣ ዘመናዊው እርባታ ሲገባ የተዘነጋ፣ ኋላም በምርምር ባለሙያዎች እጅ በሣጥን መልክ የተመለሰ አሠራር ነው። ዛሬ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሉ፣ የእርሻ መሬት በየዓመቱ በሚጠብባቸው ቦታዎች፣ ይህ አሠራር እስከ ምን ድረስ ሊያገለግል እንደሚችል መመርመር ተገቢ ነው።

ቆጥና ቅርጫት

ዶሮ በኢትዮጵያ ምድር የቆየች እንስሳ ናት። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በትግራይ፣ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 እና በ400 ዓመታት መካከል ያለ ዕድሜ እንዳላቸው ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አድርገዋል። ይህም በአፍሪካ ከተገኙት የዶሮ ቅሪቶች ሁሉ ከጥንታዊዎቹ የሚመደብ ነው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የገጠሩ ዶሮ የተለየ ቤት አልነበራትም ማለት ይቻላል። ቀን በደጅና በአውድማ ስትጭር ውላ ማታ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከግድግዳው በተጋደመ ቆጥ ላይ ታድራለች። ይህ አኗኗር ዶሮዋን ከሸለምጥማጥና ከሌባ ይጠብቃል፤ በሌላ በኩል ግን ኩሱ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ይከማቻል፤ ቅማልና ቁንጫም ለቤተሰቡ ይተርፋል።

ጫጩት ሲፈለፈል ሌላ ዘዴ ነበር። እናቲቱ ከነጫጩቶቿ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በተደፋ ቅርጫት ሥር ትቀመጣለች። ቅርጫቱ አየር ያስገባል፣ ጭልፊትንም ይከለክላል። ጠዋት ፀሐይ ወዳለበት፣ ቀትር ላይ ወደ ጥላ፣ ማታ ወደ ቤት ይዛወራል። ባለቤቲቱ ይህን የምታደርገው ስለ ተውሳክ ተምራ ሳይሆን፣ ጫጩት በረገጠው ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲውል እንደሚከሳ በዓይኗ ስለምታይ ነው። እንግዲህ ተንቀሳቃሽ የዶሮ ቤት ለሀገሬው ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ጉድለቱ ቅርጫቱ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ብቻ መሆኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ በየሜዳው ይበተናሉ።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ቀላል አልነበረም። ዶክተር ታደለ ደሴና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊው ደጋ ያደረጓቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አንዲት የሀበሻ ዶሮ አንድ ዙር ለመጨረስ እንቁላል ለመጣል 20 ቀን፣ ለማቀፍ 21 ቀን፣ ጫጩት ለማሳደግ ደግሞ 56 ቀን ያህል ይወስድባታል። በዚህም ምክንያት በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው በበሽታና በአዳኝ አውሬ ያልቃሉ። በሌላ አነጋገር እናቲቱ ሁለት ወር ሙሉ እንቁላል መጣል አቁማ ከምታሳድጋቸው ግማሹ ይጠፋል። የሚጎዳው በመጀመሪያ ደረጃ የቤቱ እመቤት ገቢ ነው፤ የእንቁላልና የዶሮ ሽያጭ ለጨው፣ ለበርበሬና ለልጆች ደብተር የሚውል፣ ብዙ ጊዜ በሴቷ እጅ የሚገኝ ገንዘብ ነውና።

የፈረንጅ ዶሮ መምጣት

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዘመናዊ የግብርና ትምህርት በጅማና በዓለማያ ሲጀመር፣ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ትብብር አማካይነት የፈረንጅ ዶሮ ዝርያዎችም መግባት ጀመሩ። ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየርና ሌሎችም በዓለማያና በደብረ ዘይት ጣቢያዎች ተረቡ። እነዚህ ዶሮዎች በተገቢው አያያዝ በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል መጣል የሚችሉ በመሆናቸው ትልቅ ተስፋ ተጣለባቸው። ቄቦች፣ አውራ ዶሮዎችና ለማቀፊያ የሚሆኑ እንቁላሎች በግብርና ሚኒስቴር በኩል ለአርሶ አደሩ ይከፋፈሉ ጀመር።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1962 ለጄት አውሮፕላኖች አገልግሎት ሲበቃ፣ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ከውጭ በአየር ማስመጣት ይበልጥ ቀለለ። ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ በሆዱ ውስጥ የሚቀረው አስኳል ለሁለትና ለሦስት ቀን ያህል ስለሚያቆየው፣ በካርቶን ታሽጎ ረጅም መንገድ ሊጓዝ ይችላል። ዛሬም ድረስ በቢሾፍቱና በሌሎች ቦታዎች ያሉ ትላልቅ የዶሮ እርባታ ድርጅቶች የወላጅ ዝርያ ጫጩቶችን በዚሁ መንገድ ያስገባሉ።

ከዝርያው ጋር አብሮ የመጣው ቤት ወለሉ በጉዝጓዝ የተሸፈነ፣ ግድግዳው በሽቦና በብሎኬት የተሠራ ቋሚ ቤት ነበር። በጣቢያዎቹና በትላልቅ እርባታዎች ይህ ቤት ጥሩ አገልግሎት ሰጥቷል። መኖው በፋብሪካ የሚዘጋጅ፣ ክትባቱ በሰዓቱ የሚሰጥ፣ ዶሮዎቹ አንድ ጊዜ ገብተው አንድ ጊዜ የሚወጡና ቤቱ በመካከል የሚታጠብ ከሆነ ቋሚ ቤት ያዋጣል። የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚበላው እንቁላል ከዚህ ዓይነቱ ቤት ውጭ ሊቀርብለት አይችልም።

ችግሩ የታየው ለአርሶ አደሩ በተከፋፈሉት ዶሮዎች ላይ ነው። የተሰጡት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ፤ ቤት አብሮ አልተሰጠም። ከባድ የሆነችው የፈረንጅ ዶሮ በቆጥ ላይ ከሀበሻዋ ጋር አደረች፤ በሜዳ ላይ ከጭልፊት ማምለጥ አልቻለችም፤ ፈንግል ሲመጣም ቀድማ አለቀች። ቋሚ ቤት ለመሥራት የሞከሩትም ቢሆኑ ብሎኬትና ቆርቆሮ መግዣው ከዶሮዎቹ ዋጋ በላይ ሆነባቸው። በርካሽ የሠሩት ደግሞ ጉዝጓዙን የመቀየርና ቤቱን የማጠብ አቅም በማጣታቸው በሽታው ከወለሉ አልለቀቀም። በዚህም የተነሳ ዝርያ የማከፋፈሉ ሥራ ለብዙ አሠርት ዓመታት ቢካሄድም፣ በገጠሩ ያለው ዶሮ አብዛኛው የሀበሻ ሆኖ ቀጠለ።

የሮድ አይላንድ ዶሮ በሀገሯ

እዚህ ላይ ከተከፋፈሉት ዝርያዎች አንዷ የሆነችው ሮድ አይላንድ ሬድ በትውልድ ሀገሯ እንዴት ትኖር እንደነበር ማየት ይጠቅማል። ይህች ቀይ ዶሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ሊትል ኮምፕተንና አዳምስቪል በተባሉ የገጠር ቀበሌዎች በገበሬዎች እጅ የወጣች ዝርያ ናት። ገበሬዎቹ ዶሮዎቻቸውን በአንድ ትልቅ ቤት አያጉሩም ነበር። በግጦሽ መስኩ ላይ ተራርቀው የተተከሉ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ሠርተው በእያንዳንዱ ጥቂት ደርዘን ዶሮ ያሳድሩ ነበር። መኖ የሚታደለውና እንቁላል የሚሰበሰበው በፈረስ ጋሪ እየተዞረ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከሥራቸው እንደ ሸርተቴ የሚያገለግል ግንድ የተገጠመላቸውና በፈረስ እየተጎተቱ ቦታ የሚቀይሩ የዶሮ ቤቶችም የተለመዱ ነበሩ።

በእንግሊዝም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወለል የሌላቸውና በየቀኑ በሣር ላይ የሚገፉ የዶሮ ቤቶች በሰፊው ይሠራባቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትላልቅ ቋሚ ቤቶችና የሽቦ ጎጆዎች ሲስፋፉ ሁሉም ወደ ጎን ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጆኤል ሳላቲን የተባለ የቨርጂኒያ ገበሬ ይህንኑ የቆየ አሠራር አድሶ በመጽሐፍ አወጣው። የእርሱ ቤት 3 ሜትር በ3.6 ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ወለል የሌለው፣ 75 ያህል የሥጋ ዶሮ የሚይዝ፣ በየማለዳው ወደ አዲስ ሣር የሚጎተት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ወደ ኢትዮጵያ የፈረንጅ ዶሮ በመጣችበት ዘመን፣ ፈረንጁ ራሱ በትንሽ እርሻ ላይ ይጠቀምበት የነበረውን ቤት እየተወ ነበር። ስለዚህ ዶሮዋ ስትመጣ ለትንሽ ገበሬ የሚስማማው ማደሪያዋ ቀረ።

የጅማው የድርቆሽ ሣጥን

በኢትዮጵያ ጉዳዩ እንደገና የተነሳው በጅማ ነው። በጅማ የግብርና ኮሌጅ ዶክተር ሰለሞን ደመቀ የድርቆሽ ሣጥን የጫጩት ማሳደጊያን ለገጠር ቤተሰብ እንዲስማማ አድርገው ሲሠሩበትና ሲያጠኑት ቆይተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ መካከሉ ባዶ ሆኖ ዙሪያውና ክዳኑ በድርቆሽ ይሞላል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። በዘመናዊ እርባታ ይህ ሙቀት የሚገኘው ከኤሌክትሪክ፣ ከላምባ ወይም ከከሰል ነው። በድርቆሽ ሣጥን ውስጥ ግን ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ሲያድሩ ከገዛ ሰውነታቸው የሚወጣው ሙቀት በድርቆሹ ታፍኖ ያሞቃቸዋል። ከሣጥኑ ጋር በሽቦ የታጠረ የመዋያ ቦታ ይያያዛል። ቀን ጫጩቶቹ እዚያ ወጥተው ይበላሉ፣ ይጭራሉ፤ ሲበርዳቸው ተመልሰው ይገባሉ። ሣጥኑና አጥሩ ተነስተው ወደ ንጹሕ መሬት ሊዛወሩ ይችላሉ።

በዚህ ዘዴ ሁለት ጥቅሞች በአንድ ላይ ይገኛሉ። አንደኛ፣ ከአንዲት እናት ዶሮ ክንፍ በታች ሊገቡ ከሚችሉት የበለጡ ጫጩቶች ከአውሬና ከብርድ ተጠብቀው ያድጋሉ። ሁለተኛ፣ እናቲቱ ከ56 ቀኑ የማሳደግ ሥራ ተገላግላ ቶሎ ወደ እንቁላል መጣል ትመለሳለች። መብራት በሌለበት ገጠር የሚሠራ መሆኑም ዋና ጥቅሙ ነው። በመሠረቱ ይህ ሣጥን የዱሮው ቅርጫት ነው፤ ሙቀት ተጨምሮለት ዕድሜው ከቀናት ወደ ሳምንታት ረዝሟል።

አሠራሩና ልኩ

ከጫጩትነት ላለፉ ዶሮዎች የሚሆን ተጎታች ቤት መሥራት ለማንኛውም አናጢነት ለሚሞክር አርሶ አደር የሚከብድ አይደለም። ለ10 እንቁላል ጣይ ዶሮ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል፤ ለአንድ ዶሮ 0.4 ካሬ ሜትር ይደርሳታል ማለት ነው። ማዕዘኑና ማገሩ ከቀጭን አጠና ወይም ከቀርከሃ፣ ጎኑ ከሽቦ ወንፊት ይሠራል። የጣሪያው ግማሽ በቆርቆሮ ይሸፈናል። በተሸፈነው በኩል ቆጥና ሁለት የእንቁላል መጣያ ሣጥን ይገባል። ወለል አይደረግለትም። ከሥሩ ሁለት ለስላሳ ግንድ ወይም አሮጌ የጋሪ ጎማ ይገጠማል። ሁለት ሰው ሊጎትተው የማይችል ቤት ከተሠራ ዓላማውን ስቷል፤ ሳምንት ሳይሞላው በአንድ ቦታ ይቀራልና።

ቤቱ በየማለዳው፣ ዶሮዎቹ ሳይበሉ፣ ቀስ ተብሎ ወደፊት ይጎተታል። አዲሱ ሣር ላይ ደርሰው መጫር ሲጀምሩ መኖው ይሰጣቸዋል። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ በሥሩ የሚቀረው ክፍተት በድንጋይ ይደፈናል፤ ለሸለምጥማጥ ትንሽ ቀዳዳ ትበቃዋለች። ሌባና አውሬ በሚበዛበት ሰፈር ዶሮዎቹ ማታ ወደ ቤት ቢገቡ ይሻላል።

በየቀኑ የመጎተቱ ምክንያት ኮክሲዲዮሲስ ከሚባለው የአንጀት በሽታ ጋር ይያያዛል። የበሽታው ተውሳክ ከዶሮ ኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያው አያጠቃም። በሽታ ለማስያዝ የሚበቃው በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ነው። ዶሮዋ በዚያው ቦታ ከዋለች መልሳ ትለቅመዋለች፤ በማግስቱ ከተነሳች ግን አብዛኛውን ትታው ትሄዳለች። ተውሳኩ በአፈር ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል አሠራሩ በሽታውን ፈጽሞ ያጠፋል ማለት አይደለም፤ ጫናውን ግን ይቀንሳል። ፈንግልን በተመለከተ ደግሞ ተጎታች ቤት መከላከያ አይሆንም። ፈንግል ከዶሮ ወደ ዶሮ፣ በተለይም ከገበያ በተገዛች ዶሮ ስለሚተላለፍ መድኃኒቱ ክትባት ብቻ ነው።

መኖን በሚመለከትም የተጋነነ ተስፋ መያዝ አይገባም። ሣርና ትል የመኖውን የተወሰነ ክፍል ይሸፍናሉ እንጂ እንቁላል ጣይ ዶሮ ጥሬ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሳታገኝ ምርት አትሰጥም። ከዚህ ይልቅ የማይታየው ትልቁ ጥቅም ኩሱ ነው። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ እርጥብ ኩስ ትጥላለች። 10 ዶሮዎች በዓመት ከ3 ኩንታል ተኩል በላይ ማለት ነው። በቋሚ ቤት ይህ ተጠርጎ የሚወጣ ሸክም ነው፤ በተጎታች ቤት ግን ጉልበት ሳይጠይቅ በጎመንና በድንች መደብ ላይ ተሰራጭቶ ያድራል።

ኢምፔሪያልና የመሬቱ ጉዳይ

ይህ ሁሉ የሚሠራው መሬት ካለ ነው። ቤቱ 4 ካሬ ሜትር ቢሆንና በየቀኑ ቢዛወር፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ወደ መጀመሪያው ቦታ ለመመለስ 112 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ለገጠር አርሶ አደር ይህ የጓሮ ጥጋት ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ግን ሌላ ታሪክ አለው።

ዛሬ በሆቴሉ ስም ኢምፔሪያል ተብሎ የሚጠራው ሰፈር፣ ገርጂና ከዚያ ወዲያ እስከ ጎሮና ቦሌ ለሚ ድረስ ያለው ሜዳ፣ ጤፍ፣ ስንዴና ሽንብራ የሚዘራበት ጥቁር አፈር ነበር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማውን ወደዚህ ሳበው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቀለበት መንገዱ ተሠራ። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ የመጀመሪያው የሙከራ ኮንዶሚኒየም ተገነባ። ከዚያ በኋላ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ የሪል እስቴት መንደሮችና የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከታትለው የእርሻ መሬቱን ያዙ። በሬ የሸጠ፣ ላም ያስረከበ አርሶ አደር ብዙ ነው። በግቢው የቀረችለት የመጨረሻ እንስሳ ብዙ ጊዜ ዶሮ ናት። ገበያው ደግሞ አጠገቡ ነው፤ ሾላ ገበያ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ፈላጊ አያጣም።

እንዲህ ባለ ቦታ ተጎታች ቤት አንድ የተለየ ጥቅም አለው። መሬቱ ነገ ለልማት ሊፈለግ ይችላል ብሎ የሚሰጋ ሰው በብሎኬት ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይከብደዋል። ተጎታቹን ቤት ግን ሲነሳ ይዞት ይሄዳል። ጉዳቱም አለ። በክረምት የቦሌ ጥቁር አፈር ጭቃ ስለሚሆን ቤቱ አይጎተትም፤ ዶሮዎቹም እግራቸው ረጥቦ ይታመማሉ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ቤቱን ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ጭድ ማንጠፍና ጭዱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ይላል። ግቢው ከ112 ካሬ ሜትር በታች የሆነበት ደግሞ ዶሮውን መቀነስ አለበት፤ ለ5 ዶሮ ቤቱም መሬቱም በግማሽ ይቀንሳል። ሣር በሌለበት የሲሚንቶ ግቢ ግን ተጎታች ቤት ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

አንድ ቤተሰብ የማይችለው

በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ሥጋት በተሰማ ጊዜ በሽታው በሀገሪቱ ሳይገኝ የዶሮና የእንቁላል ገበያ ወደቀ። ያን ጊዜ ብዙ የጓሮ አርቢ ዶሮውን በርካሽ ሸጦ ወጥቷል። ነገሩ ያሳየው ለየብቻ የቆመ አርቢ ለወሬም ለበሽታም የተጋለጠ መሆኑን ነው።

የፈንግል ክትባትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ክትባቱ ከደብረ ዘይት፣ የዛሬው ቢሾፍቱ፣ በብልቃጥ ይመጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ አሥርና ለመቶ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። 10 ዶሮ ያላት እማወራ ብቻዋን ብትገዛ አብዛኛውን ትደፋዋለች፤ ስለዚህ አትገዛም። አሥር ጎረቤቶች በአንድ ማለዳ ዶሮዎቻቸውን ቢያስከትቡ ግን ብልቃጡ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻም አነስተኛ ይሆናል። ቤቱ ተጎታች ከሆነ ዶሮዎቹ ተሰብስበው ስለሚገኙ በየአጥሩ ሥር ማሳደድ አይኖርም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች በአብዛኛው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በማቅረብ፣ እህልና ቡና በመሸጥ ይታወቃሉ። የዶሮ ጉዳይ የጓሮ ሥራ፣ የሴቶች ሥራ ተብሎ ወደ ጎን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት እንቁላልና የዶሮ ሥጋን በዋና ዓላማነት ከያዘ ወዲህ ግን የቄብ አቅርቦት ጨምሯል፤ የዶሮ ቤት በየግቢው ይታያል። በ1950ዎቹ የሆነው እንዳይደገም፣ ዶሮ የሚያቀርብ ማኅበር ከዶሮዋ ጋር የቤቱን ልክ፣ የሽቦውን ጥቅልና የክትባቱን ቀን አብሮ ማቅረብ ይኖርበታል። አንድ ጥቅል ሽቦ ለበርካታ ቤት ይከፋፈላል፤ አንድ አናጢ የመጀመሪያውን ቤት ካሳየ ቀጣዩን ጎረቤት ራሱ ይሠራዋል።

ተጎታች ቤት ካርታም መሠረትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየማለዳው የሚጎትተው እጅና ጥቂት ሣር ነው። በኢምፔሪያል ዙሪያ ከሁለቱ የሚያጥረው ሣሩ ነው። በገጠሩ ባለ ቀበሌ ግን ሁለቱም በእያንዳንዱ ግቢ ይገኛሉ።